አረንጓዴው የሳሙና መጠቅለያና የአባ ቀለም ዓይን

«ዓይኔ ግንባሬ ላይ እያለ ቀለም ለማየት ማሽን ደጅ አልጠናም! በቃ!»

«ጋሼ፣ ደጅ መጥናት አይደለም እኮ፤ መለካት ነው።»

«ጨርቅ ይለካል፤ መሬት ይለካል። ቀለም ግን ይታያል እንጂ አይለካም። አንቺ ከመወለድሽ በፊት...»

«እሱን አውቃለሁ። እኔ ከመወለዴ በፊት ቀለም ለይተዋል። እኔ የምነግርዎ ከተወለድኩ በኋላ ስላለው ነው።»

«ስሟት! ስሟት እንግዲህ!» አሉ አባ ቀለም ወደ መንገዱ ዞር ብለው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ ይመስል።

ክርክሩ የሚካሄደው በማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር። አባ ቀለም የማተሚያ ቤቱ ባለቤትና ዋና ባለሙያ ናቸው። ይህን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ሲሆኑ፣ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚያስታውሱት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ የሚጠሩበት ሲቆጡ ነው። የምትከራከራቸው የእህታቸው ልጅ ናት። የኅትመት ሙያ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ዲጂታል ማተሚያውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት፤ በሠፈሩም «ተማሪዋ» ይሏታል፤ ትምህርቷን ከጨረሰች መሰንበቷን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በሁለቱ መካከል ሳሙና ሠሪዋ ቆማለች። በቀኝ እጇ አንድ የሳሙና ፓኮ፣ በግራዋ ሌላ የሳሙና ፓኮ ይዛለች፤ ሁለቱም ተከራካሪዎች ዘወር ብለው ስላላዩላት ትዕግሥቷ አልቋል።

«እኔንም አንዳችሁ ስሙኝ» አለች። «ይሄ ካለፈው ዓመት የተረፈ ነው፤ ይሄ ደግሞ ከእናንተ አሁን የወጣው። ባለ ሱቁ ጎን ለጎን ደርድሯቸው፣ ገዢው አዲሱን አንስቶ፣ ‹ይሄ አስመስለው የሠሩት ነው፣ ዋናውን ስጠኝ› ይለዋል። ሳሙናው አንድ፣ ሽታው አንድ! ካርቶኑን እንዳለ መለሱልኝ። እኔ እጄ እስኪላላጥ የሠራሁትን ሳሙና እኔው ያጭበረበርኩት ሆነ።»

አባ ቀለም ሁለቱን ፓኮ ተቀበሉና ከጣራው ጥላ ወጥተው ወደ ፀሐይ ያዟቸው። አንገታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ፤ ቀኝ ዓይናቸውን አቀረቡ።

«ያው ነው» አሉ። «የሱቁ አምፖል ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«አባ ቀለም፣ እኔ እርስዎን አከብራለሁ። ከሌላ ቦታ አንድም ወረቀት አሳትሜ አላውቅም። ግን የሚቀጥለው ሳምንት ሳያልቅ አረንጓዴዬን ካልመለሱልኝ ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ማተሚያ ቤት መሄዴ ነው። ይቅር ይበሉኝ።» ይህን ብላ ሄደች።

አባ ቀለም ሁለቱን ፓኮ መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ለማንም ያልነገሩት አንድ ነገር ነበረባቸው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በግራ ዓይናቸው ፊት ቀጭን ጉም ተጋርዶባቸዋል። ቀኙም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ጉሙ ሲያጥቡት አይለቅም፤ ሲጠርጉት አይለቅም። ይህ ሰው «ዓይኑ ሚዛን ነው» እየተባለ እንጀራውን ከበላ፣ ዓይኑ መታመሙን እንዴት ይናገር? መለኪያ የሚባለውን ነገር ያን ያህል የጠሉትም በዋጋው አልነበረም። ማሽኑ ማተሚያ ቤቱ ከገባ መጀመሪያ የሚለካው እሳቸውን መስሎ ስለታያቸው ነው።

እዚህ ላይ የዚህን ማተሚያ ቤት አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ «እናት ወረቀት» የሚባል አንድ ናሙና በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ደንበኛው በየጥቂት ወሩ ተመልሶ ሲያሳትም አባ ቀለም እናቲቱን ከሣጥኑ ያወጣሉ፤ አዲሱን ወረቀት ከጎኗ አድርገው በጠዋት ፀሐይ ደጃፉ ላይ ያስተያያሉ። «አልፏል» ካሉ ሥራው ይቀጥላል። ሰማይ ከጠቆረ ሥራው ይቆማል፤ በዝናብ ወራት ደንበኛ ሁሉ ከማሽኑ ይልቅ ደመናውን እያየ ይውላል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እናቲቱ በጣት አሻራና በእጥፋት ስለምትቆሽሽ፣ ከአዲሶቹ ወረቀቶች ንጹሑ ተመርጦ በእሷ ምትክ ይቀመጣል። አሮጌዋ እናት ትሰናበታለች። ይህን ልማድ አባ ቀለም ከአሠልጣኛቸው ተቀብለዋል፤ አሠልጣኛቸውም ከሌላ ተቀብለዋል፤ ማን እንደጀመረው ማንም ጠይቆ አያውቅም። በልማድ ውስጥ የተደበቀ ስህተት ከሌላው ስህተት የሚከፋው በዚህ ነው፤ ሰው በየቀኑ በእጁ ይዞት ስለሚውል አያየውም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አባ ቀለም ቁርስ ላይ ሻይ ሲቀዱ ግማሹ ከስኒው ውጪ ፈሰሰ። ባለቤታቸው ጨርቅ አምጥተው ጠረጴዛውን ጠረጉ፤ ጨርቁን ጨምቀው አሰጡ፤ ከዚያ ተመልሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ሐኪም ዘንድ መቼ ነው የምትሄደው?»

«የምን ሐኪም?»

«አንተ ሰውዬ፣ ከአንተ ጋር ነው የምኖረው። እህል እንዳየች ዶሮ አንገትህን እያዘነበልክ ሰው ታያለህ። ከትናንት ወዲያ የጎረቤቱን ሰላምታ ለግንዱ ሰጠህ።»

«ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው።»

«መሽቶ ነበር።»

አባ ቀለም ስኒውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «እሺ፣ ሄድኩ እንበል። ሐኪሙ ‹ዓይንህ ታሟል› አለኝ እንበል። ከዚያ ወረቀቱን ማን ያሳልፋል? የማን ቃል ይታመናል? ለልጅቷ ትቼላት ልተኛ? አንድ ቀን ከደጃፉ ከጠፋሁ እኮ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው!» አሉ።

«ልጅቷ እኮ አንተ በሌለህበት የሚያሳልፍ ነገር ነው እንግዛ የምትለው።»

«እሱ ነው ችግሩ!» አሉና ስኒውን ገፉት። ይህን ሲሉ ገና ራሳቸውን ሰሙት፤ ያሉት ነገርም አላማራቸውም። እሳቸው ሳይኖሩ ሥራው እንዳይቆም ይፈልጋሉ፤ እሳቸው ሳይኖሩ ሥራው እንዲሄድም አይፈልጉም። እንዲህ ያለውን ነገር በልቡ ይዞ የሚኖር ሰው ጥቂት አይደለም።

ሰኞ ዕለት ተማሪዋ ከአንድ የማተሚያ ዕቃ ነጋዴ ሁለት የቀለም መለኪያዎች ለአንድ ቀን ተውሳ መጣች። አንደኛው በመዳፍ የሚያዝ፣ ክብ፣ ከስልክ ጋር የሚሠራ ትንሽ ነገር ነበር። ሁለተኛው ከዚያ ከፍ የሚል፣ እጀታና ገመድ ያለው፣ ሌላ ሰው ተጠቅሞበት የሸጠው ነው። አባ ቀለም የመጀመሪያውን «እንቁላል»፣ ሁለተኛውን «ካውያ» ብለው ሰየሟቸው።

«ትክክለኛ ስሙ ስፔክትሮፎቶሜትር ነው» አለች ተማሪዋ ካውያውን እያነሣች።

«ስሙን ጠርቼ እስክጨርስ ደንበኛው ይሄዳል። ካውያ ነው። አሁን የኔን ውል ስሚ። ይሄ ነገር እንደ ምስክር ነው የሚመጣብኝ አይደል? እኔም እንደ ምስክር እመረምረዋለሁ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ጠይቄው ሁለት መልስ ከሰጠኝ፣ ከዚህ ቤት በመስኮት ነው የሚወጣው።»

«እስማማለሁ ጋሼ። እንዲያውም መለኪያ የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ይሄን ነው።»

አባ ቀለም መስማማቷ ትንሽ ቅር አሰኛቸው፤ ለጠብ ተዘጋጅተው ነበርና።

እንቁላሉን አስቀድመው በአንድ ተራ ወረቀት ላይ በታተመ አረንጓዴ አስቀመጡት። ተማሪዋ ቁጥሩን አነበበች። አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት፤ ቁጥሩ ያው ነበር ማለት ይቻላል። «እሺ» አሉ። ቀጥሎ በሚያብረቀርቀው የሳሙና መጠቅለያ ላይ አስቀመጡትና ጥቂት አዞሩት። ቁጥሩ ተለወጠ። ወደ ሌላው ጎን አዞሩት፤ እንደገና ተለወጠ።

«አየሽው? ወንበሩን ሲቀይሩለት ቃሉን የሚቀይር ምስክር!»

«እውነትዎን ነው» አለች ተማሪዋ። «ብልጭልጭ ወረቀት ይከብደዋል። ለግድግዳ ቀቢ ቢሆን ይበቃው ነበር፤ የእኛ ሥራ ግን ግማሹ ብልጭልጭ ነው። አሁን ካውያውን ይጠይቁት።»

ካውያውን ጠየቁት። በብልጭልጩ ላይ አስቀመጡት፤ አዞሩት፤ ገለበጡት፤ ጠረጴዛ ቀየሩ። ቁጥሩ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አባ ቀለም ወረቀቱን ይዘው ወደ ደጃፉ ወጡ፤ ገመዱ እንዲደርስ ተማሪዋ ኮምፒዩተሩን ታቅፋ ተከተለቻቸው። ፀሐይ ላይ ለኩ። ከዚያ ወረቀት ወደሚከማችበት፣ መስኮት ወደሌለው የጓዳ ክፍል ገቡና መብራቱን አጥፍተው ለኩ። ሁለቱም ቦታ ያው ቁጥር ነው።

«በጨለማ እንዴት አየ?»

«የራሱን ብርሃን ይዞ ነው የሚዞረው ጋሼ። በወረቀቱ ላይ የራሱን መብራት ያበራል፤ ተመልሶ የሚመጣውን ይቆጥራል። ደመናና ፀሐይ ለሱ አንድ ናቸው።»

አባ ቀለም ለጥቂት ጊዜ ጨለማው ውስጥ ቆሙ። በየዝናቡ ወራት ሥራ ያቆሙባቸው ቀናት፣ በደጃፉ ላይ ተኮልኩለው ደመናውን የሚያዩት ደንበኞች ታወሷቸው። ግን እጅ መስጠት አልፈለጉም።

«መልካም። አሁን ወደ ዋናው ነገር እንሂድ» አሉ ወጥተው። ከቆርቆሮ ሣጥኑ የሳሙና ሠሪዋን እናት ወረቀት አወጡ፤ በቅርቡ የታተመውን መጠቅለያ ከጎኗ አደረጉ። «እነዚህን አስተያዪልኝ። ተሳስቻለሁ ወይስ አልተሳሳትኩም?»

ተማሪዋ ሁለቱን ለካች። የልዩነት ቁጥሩ በኮምፒዩተሩ ላይ ሲወጣ ደጋግማ አየችው። እንደገና ለካች።

«ምን አለ?» አሉ አባ ቀለም።

«አንድ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «ልዩነታቸው ዓይን የማይይዘው ነው።»

«ሃ!» አባ ቀለም ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «ምስክርሽ ራሱ መሰከረልኝ! አሁን ይሄን ይዘሽ ለሳሙና ሠሪዋ መልሺላት። አባ ቀለም ያሳለፈው አልፏል!»

ተማሪዋ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ሳሙና ሠሪዋ ያመጣቻቸው ሁለት ፓኮዎች ግን እዚያው መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ማንም ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው አይልም። እናቲቱ ከልጇ ጋር ትስማማለች፤ ልጇ ግን ከአምናው ጋር አትስማማም። ታዲያ ጥፋቱ የት ነው?

በዚህ መካከል የአባ ቀለም ባለቤት ገቡ። የቤቱ ገንዘብ በእሳቸው እጅ ስለሆነ፣ እሳቸው ሳይሰሙ ምንም እንዳይገዛ ብለው ነው የመጡት።

«ምን ሆናችኋል? ዕቃ የጠፋበት ሰው ትመስላላችሁ።»

«እትዬ፣ እናት ወረቀቷ ግራ አጋባችን» አለች ተማሪዋ። «የአምናዋ እናት ብትኖር ኖሮ...»

«የአምናዋማ አለች። የካቻምናዋም አለች።»

ሁለቱም ዞረው አዩዋቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ? እሱ ‹ተሰናብታለች› እያለ ወደ ቤት የሚያመጣውን ወረቀት ምን ላድርገው? ወፍራም፣ ጥሩ ወረቀት ነው። ለአንሶላው ቁም ሣጥን መሳቢያ አነጥፈዋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ እያነጠፍኩ ነው፤ አንዱን ባንዱ ላይ።»

ተማሪዋ ሮጣ ሄደች። ቤቱ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ስለሆነ ብዙ አልቆየችም። በሁለት እጇ ታቅፋ የመጣችውን ወረቀት ለየች፤ ከመካከሉ የሳሙና መጠቅለያዎቹን መረጠች። ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ስለከረሙ ፀሐይ አልነካቸውም፤ አልደበዘዙም። በረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ከአሮጌው ጀምራ እስከ አዲሱ በተራ ደረደረቻቸው፤ እያንዳንዱንም በካውያው ለካች።

አባ ቀለም ከጠረጴዛው ጫፍ ቆሙ። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ጋር አስተያዩ፤ ያው ነው። ሁለተኛውን ከሦስተኛው፤ ያው ነው። እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው ሄዱ፤ የትም ቦታ ስህተት አላገኙም። ከዚያ ተማሪዋ የመጀመሪያውን አነሣችና ከመጨረሻው አጠገብ አኖረችው።

የመጀመሪያው ጥልቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ዝናብ የጠጣ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነበር። የመጨረሻው የከረመ ሣር መስሏል።

አባ ቀለም በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» አሉ አባ ቀለም፤ ቀጥለውም ወዲያው፣ «የእኔ ሥራ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ አንዱንም በስህተት አላሳለፉም» አለች ተማሪዋ፤ አሁን ድምፅዋ የክርክር አልነበረም። «ካውያውም ይህንኑ ነው ያለው። ዓይንዎ አጠገብ ለአጠገብ ሲያስተያይ ትክክል ነው። ግን ዓይን ሲያስተያይ ጎበዝ ነው እንጂ ሲያስታውስ ጎበዝ አይደለም። የዛሬን ከትናንት ጋር አስተያየን፤ ነገን ከዛሬ ጋር። በየጊዜው ፀጉር የማታህል ልዩነት አለፈችን፤ እኛም እናቷን እያሰናበትን ልጅቱን እናት አደረግን። ልዩነቷ ብቻዋን ስትሆን አትታይም፤ ተጠራቅማ ነው የመጣችብን። ቁጥር ቢሆን ግን አይደበዝዝም፤ በጣት አሻራ አይቆሽሽም። የመጀመሪያዋን አንድ ቀን ለክተን ብናስቀምጥ፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ከእሷው ጋር ነው የምናስተያየው።»

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች ቀጥላ፤ የራሷን ቁጥሮች እያየች። «ስህተት ከሆነ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ መሆን ነበረበት። ይሄ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሁሉም ወደ ቢጫ ነው የሄደው። ሁልጊዜ ወደ ቢጫ። ለምን?»

አባ ቀለም ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው በግራው ብቻ ወደ ጠረጴዛው ተመለከቱ። ጥልቁ አረንጓዴና የከረመው ሣር፣ ሁለቱም በቀጭን ቢጫ ጉም ውስጥ ገብተው አንድ ሆኑ። እጃቸውን አወረዱ።

«ዓይኔ ቢጫን ይቅር ይላል» አሉ። «እያረጀ ሲሄድ ይቅር ባይ ሆኗል።»

ተማሪዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ዓይኗን ወደ ወረቀቶቹ መለሰች። ባለቤታቸው ደግሞ የተበተኑትን ወረቀቶች ጠርዝ ለጠርዝ ማስተካከል ያዙ።

ሰው በክርክር የሚረታው በሌላው ሰው ቃል ብዛት አይደለም። ራሱ በሠራው ፈተና፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ፣ በራሱ ዓይን ሲያይ ነው። አባ ቀለምም ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «እሺ፣ እንግዛ» አሉ። «ግን የትኛውን?»

ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ከፊተኛው የባሰ ሆነ፤ ሦስት ሰው ሦስት ሐሳብ ነበረውና።

«ሁሉም ዓይን ካላቸው ርካሹ ይሻላል» አሉ ባለቤታቸው። «እንቁላሉ ምን አለው?»

«እትዬ፣ እንቁላሉ አንዲት ቀለም ላይ ተቀምጦ ስሟን ይነግረናል። መለካት ብቻ ቢሆን የምንፈልገው በተራ ወረቀት ላይ እንታገሠው ነበር። እኛ ግን ማሽኑንም ማስተካከል እንፈልጋለን። ለዚያ ወረቀት ሙሉ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች አትሜ ሁሉንም ማንበብ አለብኝ። በእንቁላሉ አንድ በአንድ ካነበብኩ ፀጉሬ ይሸብታል፤ አንብቤም ለማተሚያው ሶፍትዌር የማስረክብበት መንገድ የለውም።»

«ታዲያ ካውያው?»

«ካውያው በመስመሩ ላይ ሲያንሸራትቱት መስመሩን ሙሉ በአንድ ጊዜ ያነባል። ሶፍትዌራችንም ያውቀዋል። ግን...» ተማሪዋ ስልኳን አወጣችና ክንድ ያለው የአንድ ትልቅ መለኪያ ሥዕል አሳየቻቸው። «እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የተጠቀምኩበት ይሄን ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ክንዱ ራሱ እየሄደ ያነባል። እኔ ምሳዬን በልቼ እመጣለሁ።»

ባለቤታቸው ዋጋውን አዩና ስልኩን እንደ ትኩስ ድንጋይ መለሱላት።

«ስንት ማሽን ነው ያለን?» አሉ አባ ቀለም ተማሪዋን።

«አንድ።»

«በየስንት ጊዜው ታስተካክይዋለሽ?»

«በሳምንት አንዴ። አዲስ ዓይነት ወረቀት ሲመጣም።»

«እንግዲህ ይሄን ሁሉ የምናወጣው በሳምንት አንድ ቀን አንቺ ምሳሽን ተረጋግተሽ እንድትበዪ ነው?»

ባለቤታቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ተማሪዋም ተሸንፋ ሳቀች። «እውነትዎን ነው ጋሼ። ትልቁ ብዙ ማሽን ላለው፣ ቀኑን ሙሉ ለሚለካ ቤት ነው። ለኛ ጌጥ ነው።»

«ጌጥ ከፈለግን ግድግዳውን እንቀባለን። ካውያው ይበቃናል። ግን ያገለገለ ነው፤ ያገለገለ ነገር ሲገዛ ምን ይጠየቃል?»

ተማሪዋ ከካውያው ሣጥን አንዲት ነጭ ሸክላ አወጣች። «መጀመሪያ ይቺን። መለኪያው በየጠዋቱ ‹ነጭ ማለት ይሄ ነው› ብሎ ራሱን የሚያስተካክለው በዚች ነው። የሸክላዋ ቁጥርና የመለኪያው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የጠፋችበት ወይም የሌላ መለኪያ ሸክላ የተደረገበት ከሆነ፣ በነፃ ቢሰጡንም አንወስደውም። መነሻው የተሳሳተ ሰው ሲቆጥር ቢውል የሚቆጥረው ስህተት ነው። ሁለተኛ፣ የሠራው ኩባንያ ዛሬም ሶፍትዌሩን ያድሳል ወይ? አለዚያ ኮምፒዩተር የለወጥን ዕለት ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ነጋዴው ሱቅ ያለውን የዚሁ ዓይነት አዲስ መለኪያ አስወጥተን፣ አንዱን ወረቀት በሁለቱም እንለካና እናስተያያቸዋለን።»

«የማተሚያ ወረቀታችን ሰማያዊ የሚያንፀባርቀውስ? ያ ነጩ፣ ከነጭ የነጣው?» አሉ አባ ቀለም።

ተማሪዋ ተደስታ አየቻቸው። «ጥሩ ጥያቄ ነው! እንዲነጣ መድኃኒት የተደረገበት ወረቀት መለኪያን ያታልላል። ይሄኛው የዚያን መድኃኒት ነጸብራቅ አስወግዶ የሚለካበት መንገድ አለው፤ ፈትሼዋለሁ። በርካሾቹ ብዙ ጊዜ ይሄ የለም።»

«እንግዲህ ነገ ነጋዴው ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አሉ አባ ቀለም። «ዋጋ መቀነሱን ለእኔ ተዪው፤ አንቺ ስትደሰቺ ፊትሽ ላይ ይታያል፤ ያስወድድብናል።»

ሄዱ፤ አስተያዩ፤ ሸክላዋን ከመለኪያው አመሳከሩ፤ አባ ቀለም ሦስት ጊዜ «ተወው» ብለው ከሱቁ ወጥተው ሦስት ጊዜ ተመለሱ። በመጨረሻ ካውያው ከነሸክላው መጣ። ዋጋው ከእንቁላሉ በጥቂት ይበልጣል፤ ከትልቁ ግን እጅግ ያንሳል። ባለቤታቸው እንኳ ያጉረመረሙት ለወጉ ያህል ነበር።

ሳሙና ሠሪዋ የሰጠችው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ። በፊት ቢሆን ማሽኑ ዝም ይል ነበር። ያን ቀን ግን ተማሪዋ ከመሳቢያ የወጣችውን የመጀመሪያዋን እናት ለክታ ቁጥሯን አስቀመጠች፤ ማሽኑን በወረቀት ሙሉ አራት ማዕዘኖች አስተካከለች፤ የመጠቅለያውንም ቀለም ወደዚያ ቁጥር ቀስ በቀስ አቀረበችው። አባ ቀለም አጠገቧ ቆመው ነበር። «ቁጥሩ ደረሰ» ስትላቸው ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው፣ «ቁጥሩ ደርሷል፤ ፊደሉ ዙሪያ ያለው ነጭ ግን ታፍኗል። ትንሽ ይተንፍስ» አሉ። አስተካከለችው። እውነትም አማረ። መለኪያው ቀለሙን ያውቃል፤ የትኛው ስህተት ገዢን እንደሚያስቀይም፣ የትኛው ወረቀት ለየትኛው ሥራ እንደሚያምር ግን አይናገርም። ይህን የሚያውቅ ሰው መለኪያ በመግባቱ ሥራ አይፈታም፤ እንዲያውም ለዚህ የሚሆን ጊዜ ያገኛል።

ሳሙና ሠሪዋ ዣንጥላዋን ደጃፉ ላይ አራግፋ ገባች። ወረቀቱን ከአሮጌው ፓኮ ጎን አኖረችው። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ወደ ጓዳው አምፖል ወሰደችው፤ ተመለሰች።

«የእኔው ነው» አለች። «እንዲያውም መጀመሪያ ስጀምር የነበረው ነው! ከየት አመጣችሁት?»

«ከአንሶላ መሳቢያ» አሉ የአባ ቀለም ባለቤት።

«ከእንግዲህ ደግሞ አይጠፋም» አለች ተማሪዋ። «ቁጥሩን ለአንቺም እሰጥሻለሁ። ነገ እኛ ባንኖር፣ ወይም ከድልድዩ ማዶ ብትሄጂ እንኳ፣ ይሄን ቁጥር ይዘሽ ‹እዚህ ላይ አድርሱልኝ› ማለት ትችያለሽ።»

«አሁንማ ወዴት እሄዳለሁ?» ብላ ሳሙና ሠሪዋ ወንበር ሳበች። «ይልቅ ካርቶኑስ? ካርቶኑ ላይ ያለው አረንጓዴ ከመጠቅለያው ጋር ይገጥማል?»

ጥያቄው ሁሉንም ቀሰቀሳቸው። ተማሪዋ ካርቶኑን ለመለካት ጎንበስ አለች። ባለቤታቸው፣ ካርቶን ሻካራ ስለሆነ ቀለም ይጠጣል፣ እንዴት ይገጥማል ብለው ተከራከሩ። ሳሙና ሠሪዋ፣ የጠጣውን ያህል ይጨመርለት አለች። ያ ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ በዝናብም በደመናም ሠራ፤ የሚጣለው ወረቀት ቀነሰ፤ ከዚያም በላይ፣ አንድ ሰው ካልመጣ ሥራ የማይሄድበት ቤት መሆኑ ቀረ። ጥሩ መሣሪያ ለጥሩ ባለሙያ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሳይጨነቅ ዞር የሚልበትን ፋታ።

አባ ቀለም ትንሽ ቆመው አዳመጧቸው። ከዚያ ኮታቸውን ከሚስማሩ አወረዱ። በጠዋቱ ከዓይን ሐኪሙ ክሊኒክ ለከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይዘው ነበር። የደረት ኪሳቸውን ዳበሱ፤ የቀጠሮዋ ወረቀት አለች።

«አይ፣ መጀመሪያ ጥቁሩን ቀንሺው!» ይላሉ ባለቤታቸው።

«ቆይ እትዬ፣ ቁጥሩን ልይ!»

አባ ቀለም በጀርባቸው አለፉ፤ የሳሙና ሠሪዋን ዣንጥላ ሳይነኩ ተሻገሩ፤ በሩን ቀስ አድርገው ገጠሙና በካፊያው ውስጥ የግድግዳውን ጥግ ይዘው ወደ ክሊኒኩ አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ።